በአፀደ ቤት የከረመው ባሕር

አፀደ ሥዕሉን ያመጣችው የትምወርቅ ቀኝ ዓይኗ በበራላት በሳምንቱ ነበር። በነጭ አንሶላ ጠቅልላ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኗ ላይ አቁማ፣ በየጉድጓዱ ሹፌሩን እየተቆጣች ይዛው መጣች። ከግቢው በር ጀምራ እልል ስላለች ጎረቤቱ ሠርግ መስሎት ብቅ ብቅ አለ።

“የትም! እንኳን ዓይንሽ በራ፣ ሓፍተይ፣ እኅቴ! ምን እንደያዝኩ ገምቺ እስኪ!”

የትምወርቅ መገመት አላስፈለጋትም። ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ በወጣትነቷ በመምህርነት ተመድባ መቀሌ መጥታ፣ አግብታ ወልዳ እዚያው ቀረች። ጦርነቱ ሲጀመር ግን ለወንድሟ ልጅ ሠርግ ደብረ ብርሃን ሄዳ ነበርና መንገድ ተዘጋባት። የቤቷ ቁልፍ የልብ ወዳጇ አፀደ እጅ ነበር። ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ የሟች ባሏ የሠረቀብርሃን ካፖርት እንኳ ሳይቀር ተዘርፎ ሲሄድ፣ አፀደ ቀድማ ያሸሸችው አንድ ነገር ብቻ ተረፈ። የምጽዋ ሥዕል። መንገድ ተከፍቶ የትምወርቅ ከተመለሰች ወዲህ ግን አፀደ ‘ዛሬ አመጣዋለሁ፣ ነገ’ ስትል ከርማለች።

ሠረቀብርሃን ጎረምሳ ሳለ ምጽዋ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ቤቱን ዘግቶ ከሚሄድ አንድ የመርከብ ወኪል የገዛው ሥዕል ነው። ቅስት ቅስት በረንዳ ያላቸው ነጫጭ ቤቶች፣ ከፊታቸው ውኃ፣ ውኃው ላይ ጀልባዎች። ሠዓሊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉም ነገር በአጫጭር የብሩሽ ምት የተሠራ ስለሆነ ቀረብ ሲሉት ከተማው ይጠፋና የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል፤ ራቅ ሲሉት ውኃው መነቃነቅ ይጀምራል። የትምወርቅ ባሕር አይታ አታውቅም። ለእሷ ባሕር ማለት ይኸው ነው።

አፀደ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ አንሶላውን ገፈፈችው።

የትምወርቅ ጥቁር መነጽሯን አወለቀች። ሥዕሉን አየችው። ልጇ ማስተዋል ከጎኗ ቆማ ስለነበር የእናቷ አፍ ሊናገር ተከፍቶ መልሶ ሲገጠም አይታለች።

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አፀደ” አለች የትምወርቅ በመጨረሻ። “ደከምሽ።”

አፀደ ሌላ ነገር የጠበቀች ይመስል ፊቷን ፊቷን አየቻት። ሻይ ቀረበላት፤ ግማሹን ጠጥታ ተነሣች። የግቢው በር ሲዘጋ የትምወርቅ ወደ ልጇ ዞረች።

“ይሄ የኔ ሥዕል አይደለም።”

“እንዴት አይደለም?”

“የኔ የወርቅ ቀለም ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ነው። እስኪ ይሄን እዪ! ሰማያዊ፣ በረዶ የመሰለ። ዕድሜ ለሐኪሞቹ፣ ዓይኔ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ሳላውቅ እቀበላት ነበር።”

ማስተዋል ከዚያ በፊት አፀደን ጠርጥራ አታውቅም። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ ኩፍኝ ሲይዛት ያስታመመቻት አፀደ ናት። ግን ደግሞ ማስተዋል ከፖላንድ ከመጣች ወዲህ የማትጠረጥረው ነገር አልነበረም። ክራኮቭ ውስጥ የቆዩ ሥዕሎችን መጠገን ተምራ፣ ዩኒቨርሲቲው ሊቀጥራት ነው ተብላ ነበር የመጣችው፤ ቅጥሩ ዛሬ ነገ እየተባለ፣ ዓዲ ሓቂ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ እየተመላለሰች ሁለት ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች። ወተት ስትገዛ ውኃ የተጨመረበት ይመስላታል። ሰው ሲስቅላት ለምን ሳቀልኝ ትላለች። ሌሊት ስትነቃ መምጣቷን ራሱን ትጠራጠራለች። እናቷ “የኔ አይደለም” ስትል፣ ከሆዷ አንድ ነገር “አላልኩሽም?” ያለ መሰላት።

እናቷ ስትተኛ ሥዕሉን አንሥታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ጀርባው ላይ ሸራው የተወጠረበት እንጨት አዲስ ባሕር ዛፍ ነው፤ ገና ይሸታል። ምስማሮቹ ያብረቀርቃሉ። የዱሮው ፍሬም ጥቁርና ከባድ፣ ማዕዘኑ ላይ ቅጠል የተቀረጸበት ነበር፤ የአሁኑም ጥቁር ነው፣ ቅጠልም አለው፣ ግን ቅጠሉ ቢላዋ በማያውቅ እጅ የተፈለፈለ ነው። አንድ ሰው ያንን ፍሬም ሊያስመስል ደክሟል። ለምን?

የሸራው ጠርዝ ላይ ዝገት የከበባቸው የድሮ የምስማር ቀዳዳዎች አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ያርፍለት ነበር። ማስተዋል ግን አሮጌ ሸራ ፈልገው በላዩ አዲስ ሥዕል የሚሥሉ አጭበርባሪዎችን ሥራ በማጉያ መነጽር ስታይ የኖረች ናት። ስልኳን ከፍታ የድሮ ፎቶ ፈለገች። ወደ ፖላንድ የሄደች ዕለት ማታ የተነሡት ነው፤ አባቷ በመሀል፣ ሥዕሉ ከኋላቸው። ሥዕሉ ወርቃማ ነው። እርግጥ አምፖሉ ሁሉንም ነገር ቢጫ አድርጎታል፣ የአባቷን ነጭ ሸሚዝ ሳይቀር። ይህን አየችው፤ አይታም አለፈችው።

በማግስቱ አፀደ ቤት ሄደች። አፀደ የምትኖረው ከዓይደር ሆስፒታል ጀርባ፣ ልጇ ሥርጉት መድኃኒት ቤት ተቀጥራ በምትሠራበት ሰፈር ነው። ግቢዋ ውስጥ አጥሩን ልታሠራ ያስመጣችው የግንብ ድንጋይ ተከምሯል።

“ጓለይ፣ ልጄ! ነይ ግቢ። ፈረንጅ ባል ሳታመጪ ባዶ እጅሽን መጣሽ?”

“ደኅና ነዎት፣ አደይ አፀደ?” አለች ማስተዋል፣ እንደ ልጅነቷ ‘እናቴ’ ብላ።

አፀደ ሳቋን አቋረጠች። “ነዎት? ከመቼ ጀምሮ ነው ለኔ ‘ነዎት’? ሽንት ጨርቅሽን ያጠብኩ ሴትዮ ነኝ።”

“ፍሬሙን ልጠይቅሽ ነው” አለች ማስተዋል አንገቷን ሰብራ። “የድሮው የት ሄደ?”

“ተበላሸ።”

“እንዴት?”

“ተበላሸ አልኩሽ እኮ። ጦርነት ነበር።”

“የተሰበረውም ቢሆን ከተገኘ እኔ መጠገን እችላለሁ። ሙያዬ ነው።”

“እዋይ! ፖሊስ ሆነሽ ነው የመጣሽው?” አፀደ ብድግ ብላ ያልተራቡ ዶሮዎች መመገብ ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠቻት “ለናትሽ ሰላም በይልኝ” አለች።

ፍሬሙን የሠራውን አናጢ አጠያይቃ ዓዲ ሓቂ፣ የተማሪ መኖሪያ የበዛበት መንገድ ላይ አገኘችው። ከፋለ ይባላል፤ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፣ የአፀደን ስም እንዳነሣች ሳትጠይቀው ጀመረ።

“የአፀደን ሥዕል? ወይ ጉድ! ሦስቴ አስፈርሳኛለች። ‘ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ ድሮ ቅጠሉ ወደዚህ ነው የሚያየው’ እያለች። እኔ የቁም ሣጥን ሠራተኛ ነኝ፣ ቅጠል የት አውቃለሁ?”

“ሥዕሉን እንዴት አድርጋ አመጣችው?”

“ሰሌን ውስጥ ተጠቅልሎ። ደግሞ ባለቤትየዋ እንዳትሰማ ብላ አስምላኛለች።” ከፋለ አፉን በእጁ ያዘ። “አንቺ ልጇ አይደለሽም አይደል?”

ከኋላው ግድግዳ ላይ ሁለት የባሕር ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ መርከብ፣ አንድ ዓይነት ደመና።

“እነዚህን ማን ሠራቸው?”

“የግቢ ተማሪዎች። ለካፌ ይሥላሉ። ያሳየሻቸውን ቁጭ አድርገው ይሠሩልሻል፣ ከዋናው አትለዪውም!”

ማስተዋል በሚኒባስ ስትመለስ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞላት ነበር። አፀደ ተቸገረች፤ ሸጠችው። አሮጌ ሸራ ፈልጋ፣ ተማሪ ከፍላ፣ ሌላ አስሣለች። ፍሬሙ አብሮ ስለተሸጠ አስመስላ አሠራች። ለዚህ ነው ዛሬ ነገ ስትል የከረመችው። ማንም አይፈርድባትም፣ በዚያ ጊዜ መሸጧስ ነውር አልነበረም፤ ነውሩ መዋሸቷ ነው። ማስተዋል ይህን ለእናቷ ስትነግራት የሐዘን ቃና አስገብታበት ነበር፤ ውስጧ ግን ስሌቱ የወጣለት ተማሪ ደስታ ነበረ። የትምወርቅ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

“ኪዳነ ምሕረት የኛ ተራ ነው” አለች። “እዚያ ይለይለታል።”

የትምወርቅና አፀደ የአንድ ጽዋ ማኅበር አባላት ናቸው። ወር በገባ በአሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት ስትውል፣ በየተራ ቤታቸው ይሰበሰባሉ። ማኅበሩ አንድ የማይነካ ደንብ አለው። የተጣላ ሰው ከዚያች ጽዋ አይጠጣም። ሁለት ሰው ከተቀያየመ ሰብሳቢው፣ ሙሴ የሚሉት፣ መጀመሪያ ያስታርቃል፤ ካልታረቁ ጽዋዋ እንደተሸፈነች ትቀመጣለች እንጂ ክዳኗ አይነሣም። ሙሴው አቶ ገብረተንሳኤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የትምወርቅ ነገሩን ቀድማ ነግራቸው ነበር።

ዕለቱ ደረሰ። ሕምባሻው ተቆረሰ፣ ጸሎት ተደረገ፤ እንግዶቹ ግን ሥዕሉን ከማየት አልተመለሱም። ወሬው ቀድሟቸው ገብቷል።

“እኔ ከዚህ ሆኜ ሳየው ግድግዳ ላይ የተደፋ ሽሮ ነው” አለች የኔአለም የምትባል ቀጭን ሴት፣ አፍንጫዋን ሸራው ላይ ልታስነካ ደርሳ።

“ራቅ በይ፣ ራቅ! እንደሱ አይታይም” አሏት አቶ ገብረተንሳኤ። “ያ ከመሬቱ ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው መንገድ ነው። ምጽዋ ራሷ ናት።”

“ራቅ ስልማ ግድግዳው አለቀብኝ፣ የኔታ።”

ሳቅ ሆነ። አፀደ ብቻ አልሳቀችም። ከበሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ተቀምጣለች። የትምወርቅ ከጓዳ ወጥታ አልጨበጠቻትም፤ ሰላምታዋን ለክፍሉ ሁሉ በአንድ ላይ በትናው ተመለሰች።

አቶ ገብረተንሳኤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እንግዲህ ጽዋውን ከማንሣታችን በፊት አንድ ነገር አለ። እናንተ ሁለታችሁ እኅትማማች ናችሁ። አደራ ተሰጥቷል፣ አደራ ተመልሷል። በመሀል ጥርጣሬ ገብቷል። ክርክር አልወድም። አፀደ፣ ተነሺ። እጅሽን ጽዋው ላይ አድርጊና ‘የሰጠሽኝን እንደሰጠሽኝ መልሻለሁ’ በይ። ከዚያ የትምወርቅ ተነሥታ ትስምሻለች፤ ነገሩ አለቀ።”

አፀደ ተነሣች። ጽዋዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ጠረጴዛው መሀል ተቀምጣለች። አፀደ እጇን ዘረጋች። ማስተዋል ከጓዳው በር ላይ ሆና የእጇን ጅማት ሳይቀር ታያለች። ጣቶቿ ጨርቁን ሊነኩ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ቆሙ።

“የሰጠሽኝን…” አለች አፀደ።

እጇን ሰበሰበች። “አልችልም፣ የኔታ። ይቅርታ አድርጉልኝ።” ጫማዋን በትክክል ሳታጠልቅ፣ ተረከዟን እየጎተተች ወጣች።

“እሰይ!” አለ የማስተዋል ልብ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረበት። የትምወርቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። የኔአለም ቀስ ብላ “በስመ አብ” አለች። የዚያን ቀን ጽዋዋ እንደተሸፈነች ዋለች፤ እንግዶቹም ጠላቸውን ሳይጨርሱ አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ። በሳምንት ውስጥ ወሬው ገበያ ደረሰ። ሥርጉት መንገድ ላይ ማስተዋልን አግኝታ ሰላም ሳትላት አለፈች። አፀደ ቅዳሴ መሄድ ትታለች ተባለ። ሰው ፊት መቆም አልቻለችም ተባለ።

የትምወርቅ እንደረታ ሰው አልሆነችም። ምግብ ቀነሰች። አፀደ በጠዋት እየመጣች “ተነሣሽ ወይ?” ትላት የነበረበት ሰዓት ሲደርስ በሩን ታያለች። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ሲያንኳኳ ዘልላ ተነሥታ፣ ማን እንደሆነ ስታይ ተመልሳ ተቀመጠች።

ማስተዋል ደግሞ እናቷን መጠርጠር የጀመረችው በዚሁ ሰሞን ነው። አንድ ነገር ይደበቅባታል። ሳሎን ስትገባ እናቷ ከሥዕሉ ፊት ፈቀቅ ትላለች። “ምን እያየሽ ነው?” ስትላት “ምንም” ይሆናል መልሱ። እኩለ ቀን ላይ ክፍለ ጊዜዋ ተሰርዞ ሳትጠበቅ ስትመለስ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የትምወርቅ ሥዕሉ ፊት ቆማ አገኘቻት። በቀኝ መዳፏ ቀኝ ዓይኗን ሸፍናለች። ከዚያ እጇን ቀይራ ግራውን ሸፈነች። መልሳ ቀኙን። እንደ ሕፃን ጨዋታ።

“እማዬ?”

የትምወርቅ እጇን ጣለች። “ያሳክከኛል።”

“ሁለቱም?”

ማስተዋል ቀርባ የእናቷን ቀኝ ዓይን፣ በቅርቡ ሞራው የተገፈፈውን፣ በመዳፏ ከደነችው። ሞራው ያለበት ግራ ዓይን ብቻ ቀረ። “ሸሚዜ ምን ዓይነት ነው?”

“ተይኝ እባክሽ።”

“ምን ዓይነት ነው?”

“ቅቤ የመሰለ።”

መዳፏን ወደ ግራ ዓይን አዞረች። “አሁንስ?”

“ነጭ።”

ሸሚዙ ነጭ ነበር። ማስተዋል እጇን አነሣች። ሥዕሉን ማየት አልደፈረችም። የሠለጠነችው ለዚህ ነበር፤ ያረጀ ቫርኒሽ ሥዕልን እንዴት ቢጫ እንደሚያደርግ ፈተና ተፈትናበታለች። ቢጫው ሸራው ላይ ሳይሆን እናቷ ዓይን ላይ ሊሆን እንደሚችል ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም። ወይስ አስባ ገፍታው ነበር?

“አባትሽ ማለዳ ነው ይለኝ ነበር” አለች የትምወርቅ። “ወደ መጨረሻው ላይ። እኔ ማታ ነው እላለሁ፣ እሱ ማለዳ ነው ይላል። አርጅተሃል እለው ነበር።”

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ከማኅበሩ በኋላ። ጠብታውን ስጨምር አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቀና ስል፣ የኔው ሥዕል! ቁጭ ብሎ ያየኛል።”

“ከዚያ ወዲህ ዝም አልሽ? አፀደ ቤቷ ተዘግታ፣ ሰው ሌባ እያላት?”

“ምን ልበል?” የትምወርቅ ድምፅ ከፍ አለ። “ያን ሁሉ ሰው ቤቴ ጠርቼ! ‘ዓይኔ ነው የዋሸኝ’ ልበል? ደግሞስ ለምን አልማለችም? እስኪ ንገሪኝ! ምንም የሌለባት ሰው እጇን ለምን ትሰበስባለች? ባለ ትምህርቷ አንቺ አይደለሽ? አናጢውን፣ ተማሪውን፣ ሸራውን ያመጣሽብኝ አንቺ አይደለሽ?”

እናቷ የጠየቀችው እሷንም እየበላት ያለ ጥያቄ ነው። ሥዕሉ ራሱ ከሆነ፣ አፀደ ስለ ምን ፈራች?

“ሄደን እንጠይቃት” አለች።

“እኔ አልሄድም።”

ባጃጅ ውስጥ ግን ቀድማ የገባችው የትምወርቅ ነበረች።

አፀደ የቤቷን በር የከፈተችው ግማሹን ነው። ከበሩ በስተጀርባ የአንድ ሕፃን ሳቅ ይሰማል፤ የሥርጉት ልጅ ናት፣ በጦርነቱ ጊዜ የተወለደችው። አፀደ ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው፤ ግቡም አላለች፣ ሂዱም አላለች።

“ሥዕሉ የኔው ነው” አለች የትምወርቅ።

“አውቃለሁ።”

“ዓይኔ ነው። በአንዱ ቢጫ፣ በአንዱ ሰማያዊ አያለሁ። ዓይኔ ነው፣ አፀደ።”

“ዓይንሽ ነው።” አፀደ ቃሉን ያለ ምንም ስሜት ደገመችው። “እሺ። ደኅና ዋዪ።”

በሩ ሊዘጋ ሲል ማስተዋል በእጇ ያዘችው። “አደይ አፀደ፣ ታዲያ ለምን አልማልሽም? አንድ ቃል ነበር እኮ።”

“አንድ ቃል?” አፀደ በሩን መልሳ ከፈተችው፤ አሁን እስከ መጨረሻው። “‘እንደሰጠሽኝ’ በይ ነው ያሉኝ። እንደሰጠችኝ ነው ወይ የመለስኩት? ፍሬሙስ? ባልሽ፣ ሠረቀብርሃን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በበዓል በበዓል በቅባት ሲወለውለው የነበረው ፍሬምስ? አቃጠልኩት እኮ!”

“አቃጠልሽው?” አለች የትምወርቅ።

“ሥርጉት የወለደች ጊዜ። ከሰል የለ፣ እንጨት የለ። በርጩማዎቹን አቃጠልኩ። የቁም ሣጥኑን በር አቃጠልኩ። እፍኝ ዱቄት ከጎረቤት ለምኜ፣ ለአራስ ልጄ ገንፎ ላገነፋ ብድግ ስል ማገዶ የለኝም። ሸራውን በጥንቃቄ አወጣሁት፣ አንድ ምስማር ሳይቀደው። ሰሌን ውስጥ ጠቅልዬ ኮርኒስ ላይ አስቀመጥኩት። ፍሬሙን ግን ከነውስጡ እንጨት ሰብሬ አነደድኩት። ደግሞ እንዴት ያለ እንጨት መሰለሽ፣ እሳቱ እንቢ አይል!” የሳቀች መሰለ፤ አልሳቀችም። “ከዚያ በየት በኩል ዓይንሽን ልየው? ሳንቲም ባገኘሁ ቁጥር ከፋለ ጋ እሄዳለሁ፣ ቅጠሉ አይመስልልኝም፣ አስፈርሰዋለሁ። ጽዋ ላይ እጄን አድርጌ ‘እንደሰጠሽኝ’ ልበል? የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ላይ?”

“ይሄን ለምን እዚያው አልተናገርሽም?” አለች ማስተዋል።

“ሌባ ብላችሁ ጠርታችሁኝ? ‘ሥዕሉን አልሸጥኩም፣ ፍሬሙን ግን በላሁት’ ብዬ ለየኔአለም መሳቂያ ልሁን?” ወደ የትምወርቅ ዞረች። “ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አንቺ ብቻ። ለብቻችን። ልጅሽን ልከሽ እንደ መርማሪ አስጠየቅሽኝ። ከዚያ ሃያ ሰው ሰበሰብሽብኝ።”

የትምወርቅ ዞር ብላ ከቤቱ በር ወደ ድንጋይ ክምሩ ሄደች። ማስተዋል የምትሄድ መስሏት ልትከተላት ስትል እናቷ ጎንበስ አለች፤ ከክምሩ ውስጥ አንድ ጥርብ ድንጋይ፣ እንጀራ የሚያክል፣ በሁለት እጇ ጎትታ አወጣች። ጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ ደረቷ ላይ፣ ከዚያ በትከሻዋ ላይ አደረገችው። አንገቷ ከክብደቱ በታች ወደ ጎን ተጣመመ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠየቅበትን ሥርዓት ማስተዋል የምታውቀው ሽማግሌዎች ስለ ደም ዕርቅ ሲያወሩ ሰምታ ነበር፤ ለሥዕል ሲሆን አላየችም። የትምወርቅ ከአፀደ ደጃፍ ፊት መጥታ ቆመች።

“በድያለሁ” አለች። “አውርጂልኝ ወይም ተሸክሜው እቆማለሁ።”

አፀደ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ አየቻት። ፊቷ አልተፈታም። ማኅበሩን፣ ያንን መንገድ፣ ያንን በትክክል ሳታጠልቅ የወጣችበትን ጫማ የምታስብ ትመስላለች። ድንጋዩ ከየትምወርቅ ትከሻ መንሸራተት ጀመረ። ማስተዋል አንድ እርምጃ ስትራመድ አፀደ በጣቷ አቆመቻት። ከዚያ በድንገት፣ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት፣ ፊቷ ተለወጠ።

“ዓይንሽ!” ብላ ጮኸች። “ኣንቲ ዕብድ! ገና በወሩ ጎንበስ ትያለሽ? ድንጋይ ታነሻለሽ? ያን ሁሉ ወረፋ ጠብቀን የተሠራ ዓይን ልታፈሺው ነው?”

በሁለት ዝላይ ደርሳ ድንጋዩን ከትከሻዋ ነጠቀችና መሬት ላይ ጣለችው። የትምወርቅን አገጭ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረች፤ የታችኛውን ሽፋን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ስባ መረመረቻት። “ቀልቷል። እንዴት አይቀላ! ጠብታው የታለ? ይዘሽዋል?”

“ቦርሳዬ ውስጥ ነው።”

“ግቢ። ግቢና ጋደም በይ።” አፀደ በክንዷ ደግፋ ወደ ውስጥ ወሰደቻት። ደፉ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። “ይህን ለኔ አይደለም የምትይው። ለማኅበሩ ነው። የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው፤ ቆመሽ ትናገሪያለሽ። ዓይኔ ነው ትያለሽ። ፍሬሙን እኔ እናገራለሁ።”

“እናገራለሁ።”

“ሁለተኛው ዓይንሽስ መቼ ነው የሚሠራው?”

“እንጃ። እስኪ ትንሽ ይቆይልኝ” አለች የትምወርቅ። “ያችን ወርቃማዋን ምጽዋ ትንሽ ልያት።”

“ይቆያል አትበይ፣ እኔ አስመዘግብሻለሁ” አለች አፀደ፤ ድምፃቸው ወደ ውስጥ ራቀ።

ማስተዋል ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። የምትለውን ስታሰናዳ ነበር፤ ስለ አሮጌ ቫርኒሽ፣ ስለ ዓይን ሞራ፣ ስለ አምፖሉ። እንዴት እንደተሳሳተች በቅደም ተከተል ማስረዳት ትችላለች። ገብታ ልትጀምር እግሯን ስታነሣ አፀደ የጠብታውን ብልቃጥ በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። ማስተዋልን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

“አንቺስ ወዴት ነው?” አለቻት። በአገጯ ወደ መሬቱ አመለከተች። “ድንጋዩ ያውልሽ።”

ማስተዋል የአፀደ ንግግር ቀልድ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን መረመረች። አይታወቅም። ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ ጎንበስ ብላም እጆቿን ከድንጋዩ ሥር አስገባች።